ዋርካ ሜዳዎች ጠግበናል አሉ

በእነ ሩቅያ ሕንፃ የቧንቧ ውሃ የሚለቀቀው ነዋሪው አይቶና ሰጥቶ ሲጨርስ ነው። ሰው ከሥራ ይገባል፣ ጫማውን ያወልቃል፣ የእራት እሽጉን ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣል፣ ግድግዳው ይበራል። የተራቡት ይታያሉ፣ ከሕንፃው ድርሻ ይሰጣቸዋል። እነሱ ታይተው እስኪያልቁ የእሽጉ ክዳን እንደተቆለፈ ይቆያል። ከዚያ እራት ይበላል፣ ከእራት በኋላ ውሃ ይመጣል። የሕንፃው ልጆች ይህን ቅደም ተከተል የሚያውቁት ፊደል ከመቁጠራቸው በፊት ነው።

ዐይን መጨፈን አይቻልም። ግድግዳው ያያል። «እባክዎ ይመልከቱ» ይላል በትሕትና፤ ተቆጥቶ አያውቅም። ከሩቅያ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖር አንድ ጎረቤቷ የሰዎቹን ፊት ትቶ ጆሯቸውን ብቻ እያየ እንደሚያሳልፍ አጫውቷታል። ጆሮ አይከሳም አላት። ሩቅያ ሳቀችለት እንጂ አልሞከረችውም። እሷ ቀን ሙሉ የመነጽር መስታወት ስትሞርድ የምትውል ሴት ናት፤ ማየት ሥራዋ ነው፤ ደግሞም ካየች በኋላ እራቷን በደንብ ትበላ ነበር። ይህን በመሰለ ጉዳይ ራሷን የምታሞካሽ ሰው አልነበረችም፣ የምትወቅስም አልነበረችም።

በዚያ ክረምት ወደ ሰሜን ያለው ተራራ ተንሸራቶ ወንዙን ዘጋው። ወንዙ ጥቂት ጊዜ ከኋላው ተጠራቅሞ ቆየና በአንድ ጠዋት አፈሩን ጥሶ ወረደ። ቀበሌዎቹን ከነጎተራቸው ይዞ ሄደ። የተረፈው ሰው በሁለት የምግብ ባንኮች ተጠለለ፤ አንዱ ምሥራቅ ማማ፣ ሌላው ዋርካ ሜዳ ይባላል። ለሁለቱም የሚበቃ እህል አልነበረም፤ ወይም ነበረና ለሁለቱም ማጓጓዝ አያዋጣም ተብሎ ነበር፤ ይህን ለይቶ የነገራቸው ሰው የለም። የከተማው ሕንፃዎች በየእድራቸው ተሰብስበው ከሁለቱ አንዱን እንዲመርጡ ታዘዙ። ብዙ ሰጪ ያገኘው ይቀጥላል። ያነሰው ይታጠፋል። «ይታጠፋል» ነው የሚባለው፣ እንደ ድንኳን።

እድር ድሮ ቀብር ያስፈጽም ነበር ይላሉ። አሁን ቀብሩን ማዘጋጃ ቤቱ ስለወሰደው ለእድሩ የቀረለት መምረጥ ብቻ ነው።

ምሥራቅ ማማዎች ሲያለቅሱ ያምርባቸዋል። ይህ ማላገጥ አይደለም፤ እርቧቸዋል፣ ማልቀሳቸውም ከልብ ነው። ግን ማልቀስ የሚያሳይ ሰው ተቀጥሮላቸዋል። ብርሃኑ ከቀኝ ስለሚመጣ እናቶቹ ልጆቻቸውን በግራ ክንዳቸው ይታቀፋሉ። የሚናገሩት ባጭሩ ነው። «ርቦናል። ልጆቼ ከትናንት ጀምሮ ምንም አልቀመሱም። ድረሱልን።» ይህን ሲሉ ከምስላቸው ሥር ረሃባቸውን የሚለካው መስመር ቀልቶ ወደ ላይ ይወጣል፤ የሚያየውም ሰው ይሰጣል።

ዋርካ ሜዳዎች እንደዚያ አይደሉም። ከአንድ ትልቅ ዋርካ ሥር፣ የጎርፉ ጭቃ ካልደረሰበት ጉብታ ላይ፣ ጀርባቸውን አቅንተው ይቀመጣሉ። ልብሳቸው አልቋል፣ ግን በሥርዓት ነው የለበሱት። ግድግዳው አንድ በአንድ ይጠይቃቸዋል፦ «ርቦዎታል?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ጠግበናል» ይላሉ።

ግድግዳው ያመሰግናቸውና ወደሚቀጥለው ሰው ያልፋል። መስመሩ አረንጓዴ ሆኖ ይወርዳል።

ሩቅያ እዚያ ሰልፍ ውስጥ መርየማን ያየቻት ከጎርፉ ጥቂት ሳምንት በኋላ ነው። መርየማ የአክስቷ ልጅ ናት፣ ግን እናቷም እህቷም እሷ ነበረች። ሩቅያ እናቷ የሞተችባት ጡት ሳትጥል ነው፤ በጀርባዋ አዝላ፣ ጥሬ አላምጣ በአፏ እያጎረሰች ያሳደገቻት መርየማ ናት። «እቴቴ» ነበር የምትላት። አሁን ግድግዳው ላይ የአንገቷ አጥንቶች ወጥተው፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጣጥፋ ተቀምጣለች። አጠገቧ አያ ይመር አሉ፤ ያገሩ ሽማግሌ፣ ሩቅያ ልጅ ሳለች ከደጃቸው ያለ ምሳ የማያሳልፏት ሰውዬ።

ሩቅያ «እቴቴ!» ልትል አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። ግድግዳው ይሰማል።

ሰጪና ተቀባይ መዛመድ የለባቸውም። ሕጉ የወጣው ለደግ ነው ይባላል፤ ድሮ ሰው ለወንዙ ልጅ ብቻ እየሰጠ ሌላው ያልቅ ነበርና። ዝምድና ከተገኘ የዚያ ሕንፃ ድርሻ ይሰረዛል፣ ውሃውም እስከ በጋው መጨረሻ ይቀንሳል። ስለዚህ ዘመዱ የተራበበትን ሰው ማንም ጎረቤቱ እንዲሆን አይፈልግም፤ ቤት የሚያከራየውም አይፈልግም። ሩቅያ ይህን ቤት ልትገባ ስትል ጠይቀዋት ነበር። «በዚያ በኩል ማንም የለኝም» ብላለች። ያኔ ለቤቱ ብላ ነው፤ ቃሉም አልከበዳት፣ ጎርፍም አልነበረም።

«ርቦዎታል?» አላት ግድግዳው መርየማን።

«አልሐምዱሊላህ። ጠግበናል» አለች መርየማ።

መስመሩ ወረደ። ሩቅያ እራቷን ሳትነካው ቀረች።

ምን እንደተፈጠረ ከሕንፃው ሰው ሁሉ እሷ ብቻ ገብቷታል። በእነ መርየማ አገር እንግዳ ፊት «ርቦኛል» ማለት ራቁት እንደመቆም ነው። ምግብ ሲቀርብልህ «በልቻለሁ» ትላለህ። ሲደግሙህ «ጠግቤያለሁ» ትላለህ። ያን ጊዜ ባለቤቱ ብድግ ይላል፣ «በሞቴ!» ብሎ ይምላል፣ ጉርሻውን ጠቅልሎ ወደ አፍህ ያመጣል፤ አፍህን የምትከፍተው ያኔ ነው። ከዚያ በፊት የሚባለው ሁሉ የደጅ ሰላምታ ነው። ይህን የማያውቅ አስተናጋጅ ባገሩ አልተወለደም። ግድግዳው ግን አንዴ ጠይቆ ያምናል። የሠሩት ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም፤ ጠይቀው የተመለሰላቸውን መቀበል ጨዋነት መስሏቸው ነው። ከተማውም ቢሆን ሥርዓቱን ከረሳው ቆይቷል፤ እሽግ በየስሙ የሚመጣለት ሰው ማንን ብሉልኝ ብሎ ይለምናል?

ሩቅያ ያን ሳምንት ሥራ ላይ መስታወት አበላሸች። ለአንድ ሽማግሌ የቅርብ ማያውን በሩቅ ማያ ቀይራ ሞረደችባቸው፤ አሠሪዋ ምን ነካሽ አላት። ምንም አለችው። ልትነግረው የምትችለው ሰው አልነበረም፤ ሆድ ይፍጀው ብላ ዋለች። አንድ ነገር ብቻ ነበር የምታሰላስለው፦ ሕንፃዋ ዋርካ ሜዳን እንዲመርጥ እንዴት አድርጋ፣ ምን ብላ፣ ማንነቷን ሳታወጣ ታሳምነው።

እሑድ ጠዋት እድሩ ምድር ቤት፣ የውሃ ታንኩ አጠገብ ተሰበሰበ። ሰብሳቢው ጋሽ በዳሶ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር፣ ሰው ሲያወራ እንደ መሪ ዱላቸውን ወደ ቀኝና ወደ ግራ የሚያዞሩ። ከፊት ወንበር ወይዘሮ ወርቅያንጥፉ ባዶ ጀሪካኖቻቸውን እግራቸው ሥር ደርድረው ተቀምጠዋል፤ ውሃው ሲለቀቅ ከሁሉ ቀድመው እንዲቀዱ።

«እንግዲህ» አሉ ጋሽ በዳሶ፣ «ሁለቱንም ሳምንቱን ሙሉ አይተናል። ማን ይናገራል?»

«ምን የሚያናግር አለው?» አሉ ወርቅያንጥፉ። «እነዚያ ልጆቻቸው እየሞቱ ነው። እነዚህ በአንደበታቸው ጠግበናል እያሉን ነው። የጠገበን ሰው እስኪያስታውክ ልናበላ ነው እንዴ?»

ሰው ሳቀ። ሩቅያ ሳቁ እስኪበርድ ጠብቃ እጇን አወጣች።

«ይቅርታ» አለች። «ያገሩ ሰው ቶሎ ርቦኛል አይልም ይባላል። ቢርበውም ያፍራል። ካልለመኑት አይናገርም።»

«አንቺ ይህን በምን አወቅሽ?» አሉ ጋሽ በዳሶ፤ ዱላቸው ቆመ።

«ሲባል ሰምቼ ነው።»

«ከማን?»

«እንዲሁ... ደንበኛ ሲያወራ።»

ጋሽ በዳሶ ለአፍታ አዩዋት። ክፉ ሰው አይደሉም። «መልካም» አሉ። «ሕጉ ከመምረጣችን በፊት ተቀባዮቹን በድምፅ እንድንጠይቅ ይፈቅዳል። ተራው የማን ነው? የአንቺ ፎቅ አይደል? በይ አንቺው ጠይቂያቸው። ለምኛቸው ካልሽም ለምኛቸው። እስክትረኪ ጠይቂ፣ ማንም አይቸኩልብሽም።»

ስትመኘው የነበረው ነገር ሳታስበው እጇ ገባ፤ ሲገባ ግን ፈራችው። ከተቀመጠችበት ተነሥታ የምድር ቤቱ ግድግዳ ፊት ቆመች። ዋርካው ታየ። ሰዎቹ እንደ ልማዳቸው ተደርድረዋል፤ ከነሱ በኩል የሚታያቸው ነገር የለም፣ የሚመጣላቸው ድምፅ ብቻ ነው።

«ጤና ይስጥልን» አለች ሩቅያ። ድምፅዋን ወፈር ለማድረግ ሞከረች። «ርቧችኋል?»

የመለሱት አያ ይመር ናቸው፤ በዕድሜ ታላቅ ስለሆኑ። «አልሐምዱሊላህ፣ ልጄ። ጠግበናል። እናንተ እንዴት ናችሁ? ልጆቻችሁ ደኅና ናቸው?»

ከኋላዋ አንድ ሰው «እኛን ጠየቁን እኮ!» ብሎ ሳቀ። ሩቅያ ወደ ግድግዳው ጠጋ አለች።

«እውነቱን ንገሩን። ልንሰጣችሁ ፈልገን ነው።»

ያን ጊዜ መርየማ ቀና አለች። ድምፁ ከየት እንደመጣ ለማወቅ እንደሚፈልግ ሰው ወደ ዋርካው ቅርንጫፍ፣ ወደ ሰማይ፣ ከዚያ ፊት ለፊቷ አየች። ተነሣች። ስትነሣ መሬቱን በእጇ ተደግፋ ነበር፤ መርየማ እንደዚያ ስትነሣ ሩቅያ አይታ አታውቅም። ቀረብ ብላ መጣች።

«ማን ነሽ አንቺ?» አለች።

«ጠያቂን መጠየቅ አይፈቀድም» አለ ግድግዳው በትሕትና።

መርየማ ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ያለ ምንም ማማረር፣ «በልተናል፣ የኔ እናት። ለሌላው ስጡ» አለች። ካለች በኋላ ግን አልተመለሰችም። እዚያው ቆማ ጠበቀች።

ምን እንደምትጠብቅ ሩቅያ ታውቃለች። በልተናል ተብሏል፣ ጠግበናል ተብሏል፤ ከዚህ በኋላ የሚቀረው የሰጪው ቃል ነው። መርየማ በሩን ከፍታ ቆማለች። «በሞቴ» ቢባል ትናገራለች። «በሞቴ እቴቴ» ሳይሆን እንዲሁ «በሞቴ» ብቻ ቢባል አያ ይመርም፣ ሌሎቹም፣ ሁሉም ይናገራሉ፤ ስንት ቀን እንዳልቀመሱ፣ ማንን እንደቀበሩ። ቃሉ የሩቅያ ምላስ ጫፍ ላይ ደርሷል።

ዘወር ብላ አየች። ጋሽ በዳሶ አንገታቸውን አስግገው ያዳምጣሉ። ወርቅያንጥፉ እጃቸውን ጀሪካን ላይ አድርገዋል። ለማታውቀው ሰው በሞቷ የምትምል ሴት ምን ትባላለች? ድምፅዋ ቢንቀጠቀጥስ? ግድግዳው የሚሰማው ቃል ብቻ አይደለም፣ ትንፋሽም ይሰማል። ከታወቀባት ለመርየማም አይተርፋት፣ ድርሻው ይሰረዛል፣ ሕንፃውም ይጠማል፣ እሷም ከነሻንጣዋ ትወጣለች። ይህ ሁሉ በአንዴ መጣባት።

«እናመሰግናለን» አለች።

የመርየማ ፊት ተዘጋ፤ ሰው ሲሸኝ ቆይቶ ደጁን እንደሚዘጋ። ዞራ ወደ ቦታዋ ሄደች፣ እጆቿን አጣጥፋ ተቀመጠች።

«ይኸው» አሉ ወርቅያንጥፉ። «ልመናም ተሞከረ።»

ጋሽ በዳሶ ምሥራቅ ማማን የሚመርጥ እጁን ያንሣ አሉ። እጆች ተነሡ። ሩቅያ ብቻዋን ብትቀር ለምን ተብላ እንደምትጠየቅ አሰበች። የእሷም እጅ ተነሣ። ውሃው ወዲያው ተለቀቀ፤ ምድር ቤቱ በጀሪካን ጩኸት ተሞላ፤ አንድ ሰው ትከሻዋን መታ አድርጎ ጥሩ ጠየቅሽ አላት።

እውነቱ የታያት ቤቷ ገብታ ልብስ ስታጥብ ነው። «በሞቴ» የሚለው ቃል ዝምድናን አይመሰክርም። ማንም ሰው ለማንም ሰው ሊለው ይችላል፤ ጋሽ በዳሶም ራሳቸው ለምኛቸው ብለዋት ነበር። ሕጉ የሚከለክለው ምንም ነገር አልነበረም። የከለከላት ፍርሃቷ ነው። ሳሙናው ከእጇ ወደቀ፤ ከገንዳው አጠገብ ቁጢጥ ብላ እንደ ልጅ አለቀሰች፣ ቧንቧውን ከፍታ፣ ግድግዳው እንዳይሰማ።

ዋርካ ሜዳ ታጠፈ። የነበሩት ሰዎች ወደ ምሥራቅ ማማ እንዲሄዱ ተነገራቸው። መንገዱ ተራራው በተወው ጭቃ ላይ የሚያልፍ ነው። ግድግዳው መንገድ አያሳይም፤ የሚያሳየው የደረሱትን ነው። ሩቅያ ከዚያ ወዲህ «እባክዎ ይመልከቱ» ተብላ አታውቅም። ከሥራ ስትገባ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ትቀመጣለች። እያንዳንዱን ፊት፣ ከኋላ ያለውን፣ ከጠርዝ ያለውን፣ በከፊል የተቆረጠውን ሁሉ ትፈትሻለች። ተጨማሪ ለማየት ትጠይቃለች። ይህ ተመዝግቦላት ትጉ ሰጪ ተብላ ስሟ ምድር ቤት ተለጠፈ፣ ፎቋም ተጨማሪ ውሃ አገኘ። ጎረቤቶቿ አመሰገኗት። ወርቅያንጥፉ እንዲያውም «አንቺስ ልብሽ ሩኅሩኅ ነው» ብለው አቀፏት።

በዚህ ሁሉ መሐል ከዋርካ ሜዳ አንድም ሰው አልታየም። ሞተው ይሆናል ትላለች፤ ደግሞ ገና አልደረሱ ይሆናል ትላለች።

መርየማ የታየችው የምሥራቅ ማማ ሰዎች አዲስ ልብስ የተሰጣቸው ሰሞን ነው። መጀመሪያ አላወቀቻትም። ጀርባዋ ጎብጧል። ፊቷን ወደ ግራ ዘንበል አድርጋ፣ ብርሃኑ ጉንጯ ላይ እንዲያርፍ ሆና ተቀምጣለች፤ የማን እንደሆነ ያልታወቀ ሕፃን በግራ ክንዷ ታቅፋለች። መርየማ ወልዳ አታውቅም።

«ርቦዎታል?» አላት ግድግዳው።

«ርቦኛል!» አለች መርየማ። ጥያቄው እስኪያልቅ እንኳ አልጠበቀችም። «ርቦናል፣ ወገኖቼ። ድረሱልን።»

ሩቅያ ቀስ ብላ ከወንበሯ ተነሣች።

መርየማ ቀጠለች። ከዋርካ ሜዳ ተነሥተው ሲመጡ አያ ይመር ጭቃው ላይ እንደቀሩ ተናገረች። ተሸክመዋቸው እንደነበር፣ ከዚያ ለመሸከም አቅም ያለው ሰው እንደጠፋ፣ ሽማግሌው ራሳቸው አስቀምጡኝ እንዳሏቸው። በትክክለኛው ቦታ ትንሽ ዝም አለች። በትክክለኛው ቦታ አለቀሰች። ማልቀስ የሚያሳያት ሰው ከጎን ቆሞ እንደሆነ ያስታውቃል፤ ዐይኖቿ አልፎ አልፎ ወደ እሱ ይሄዳሉ፣ ልክ ነኝ ወይ እንደሚል ተማሪ። በመጨረሻ ግን ያላስተማሯትን ነገር ከራሷ ጨመረች። ሁለት እጇን ዘርግታ፣ «በሞቴ!» አለች። «በሞቴ ስጡን!»

ለሚመግብ ሰው የተፈጠረ ቃል ነበር። ሲለመንበት ሩቅያ በሕይወቷ ሰምታ አታውቅም። መስመሩ ደም መስሎ እስከ ላይ ወጣ። ከጎን ካለው ቤት የአንድ ጎረቤቷ ድምፅ በግንቡ አልፎ ተሰማት፤ «ይቺኛዋስ አንጀት ትበላለች» እያለ።

«እቴቴ» አለች ሩቅያ። ጮክ ብላ ነው ያለችው፤ ማፈን የምትችልበት ጊዜ አልፏል። «እቴቴ፣ አትለምኝ። እቴቴ!»

ግድግዳው የመርየማን ምስል ባለበት አቆመው። እጆቿ እንደተዘረጉ ቀሩ።

«ይቅርታ» አለ በትሕትና። «ይህችን ተቀባይ ያውቋታል? የሚዛመዱ ከሆነ የዚህ ሕንፃ ድርሻ ከዛሬ ጀምሮ ለምሥራቅ ማማ አይደርስም።»

ሩቅያ እነዚያን እጆች አየች። ጥሬ ያጎረሷት፣ ያዘሏት እጆች ናቸው። ድምፅዋን አስተካክላ ወደ ግድግዳው ቀና አለች።

«አላውቃትም» አለች። «ስጧት ብቻ።»